በመንገድ የማይገኝ አባት

እንጨት አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ከተማ በደጋው ምድር እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ቢቆረቆር ኖሮም በመጀመሪያው ክረምት ብርድ በፈታው ነበር። ይህ ሰው ሀብታምም ይሁን ድኻ፣ የተማረም ይሁን ያልተማረ፣ ዓይኑ ከመሬት አይነሣም። እኛ ወደ ሰማይ አንጋጠን ዝናቡን ስንለምን እሱ ዝናቡ የጣለውን ቅርንጫፍ ይፈልጋል። እኛ ነፋሱ ቆርቆሯችንን እንዳይገነጥለው ስንጸልይ እሱ ነፋሱ ዛሬ ከየትኛው ዛፍ ጋር እንደ ተጣላ በጆሮው ይለያል። መንዝ ዛፍ የበዛለት አገር አይደለም፤ ምድጃው በኩበት የሚተዳደር አገር ነው። ስለዚህ ይህ ሰው በሌላው አገር አንድ ልማድ ያለው ሰው ቢሆን፣ በእኛ ዘንድ ባለማዕረግ ነው።

የመሐል ሜዳው ባለማዕረግ አቶ ባምላኩ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያስሩና ሲፈቱ ኖረው በክብር ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ ወጡ ማለት ግን ማሰሩንና መፍታቱን ተዉት ማለት አይደለም፤ የሚታሰረው ነገር ከወረቀት ወደ ጭራሮ ተዛወረ እንጂ። ዛሬም ግራጫ ኮታቸውን ሳይለብሱ፣ ከረባታቸውን ሳያስሩ ከቤት አይወጡም። ሌላው ሽማግሌ መሐረብ በሚይዝበት ኪስ እሳቸው ጠፍር ይይዛሉ።

የሕግ ቤት ሰው እንደ መሆናቸው የሰው እንጨት አይነኩም። መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ሲያገኙ በመጀመሪያ በአጠገቡ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ቀጥሎም በችሎት አስተናባሪ ድምፅ፣ «የዚህ እንጨት ባለቤት ነኝ የሚል ካለ ይቅረብ» ብለው ሦስት ጊዜ ይጣራሉ። ሐሜተኞች እንደሚሉት ጭራሮ የሆነ እንደ ሆነ ጥሪው እስከ ገበያው ይሰማል፤ ደህና ግንድ የሆነ እንደ ሆነ ግን በጎናቸው ለቆመ ሰው እንኳ አይሰማም። ያም ሆነ ይህ ሦስተኛው ጥሪ ሲያበቃ «ተጠርቶ አልቀረበም» ይሉና ያነሡታል።

ማዕረጉን የሰጧቸው መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ናቸው። አንድ የበዓል ዋዜማ መሪጌታ መቋሚያቸውን ከሰንበቴው ቤት ግድግዳ አስደግፈው ውኃ ሊጎነጩ ገባ አሉ። ሲወጡ ግድግዳው አለ፤ መቋሚያው የለም። ያን ዕለት ማኅሌቱን የመሩት ከአንድ እግራቸው ወደ ሌላው እየተዛወሩ ነው። በማግሥቱ አቶ ባምላኩ መቋሚያውን ከአንድ ሸክም ፍልጥ መካከል ለይተው፣ በቅቤ አሽተው፣ በሁለት እጃቸው አቀረቡ፤ ሦስት ጊዜ መጣራታቸውንም በመሐላ አረጋገጡ። መሪጌታ መቋሚያውን ተቀብለው፣ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ቆዩና፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምዎ ሊቀ ፍልጥ ወመጋቤ ጭራሮ ይባል አሉ። አገሩም ሳይከራከር አጸደቀው።

ሊቀ ፍልጥ በለቅሶ ላይ እንኳ ሥራ አይፈቱም። ከአስከሬኑ ኋላ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ያየ እንግዳ ሁሉ እንዴት ያለ ኀዘን የገባቸው ሰው ናቸው ይላል። አንገታቸው የተደፋው መንገዱን ለመመርመር ነው። ደህና ቁራጭ ካገኙ የፊታቸውን ኀዘን ሳያዛንፉ በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ ዳር ያስጠጉታል፤ በመልስ ይወስዱታል።

የዘመናቸው ታላቅ ሥራ ግን የፈረንጅ ግራሩ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ከትምህርት ቤቱ በታች ያለውን ቦረቦር አድናለሁ ብሎ የተከለው ዛፍ ነው፤ አበባው ነጭና መዓዛማ፣ እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደ ድመት ጥፍር የቆለመመ። ፕሮጀክቱ ሄደ፤ ዛፉ ቀረ። ቀርቶም ዝም አላለም፤ ከሥሩ እየፈላ አጥሩን ዘለለ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ የባጃጆችን ጎማ በየቀኑ ያስተነፍስ ጀመር። ይቆረጥ ተባለና ጥቂት ዛፎች ሲቀሩ ተቆረጠ። የተቆረጠውን የሚያነሣ ግን ጠፋ። ምሳር ያደንዛል፣ እጅ ይቀድዳል፣ ከደረቀ ደግሞ ድንጋይ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ሸሸው። ያን ጊዜ አቶ ባምላኩ መጥተው ከክምሩ ፊት ቆሙ፤ ማንም እንደማይቀርብ ያውቁ ነበርና ለግንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኽ ብለው ተጣሩ።

ዛፉ የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ይህ እንጨት እርጥብ ሳለ ካልተፈለጠ በኋላ እሺ አይልም። ስለዚህ በመጀመሪያ እሾሁን በምሳሩ ጀርባ ከላይ ወደ ታች ያራግፉታል። ቅርፊቱን ገፈው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ፈረስና በቅሎ ቢያኝኩት ይታመማሉና። ግንዱን በክንድ ልክ በመጋዝ ይቆርጡና ጉቶ ላይ ያቆሙታል፤ መሐሉን ሳይሆን ጠርዝ ጠርዙን እየመቱ ዙሪያውን ይፈልጡታል፤ እንቢ ያለውን በብረት ሽብልቅ ያስማሙታል። ከዚያ ፍልጡን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አላልተው ይረበርቡታል። በዓመቱ ሲነድ ጭሱም ፍንጣሪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ እንደ ከሰል ፍም ሆኖ ይቆያል። አንዲት ፍልጥ አንድ ድስት ንፍሮ ታበስላለች።

ሸክሙን የሚይዙት ግን ወንድ እንደሚሸከመው በትከሻቸው ሳይሆን ሴት እንደምትሸከመው በጀርባቸው ነው፤ እሾሁ አንገት ይቧጥጣል ባይ ናቸው። ጀርባቸውን ለመከላከል ከኮታቸው በላይ አሮጌ ደበሎ ይደርባሉ፤ ከረባታቸውንም እንዳይቀደድ ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። በዚያ ሁኔታ ያያቸው ሰው የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ አያይም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከቤ ክምሩ ከአጥሩ ጋር ቁመት የተለካካ ዕለት፣ እንግዲህ ቤቱን አከራይተን እኛ እንጨቱ ውስጥ እንግባ ብለው ለጎረቤት ተናገሩ፤ ጎረቤቱም ስቆ ስቆ ሲያበቃ ሁለት ፍልጥ ለምኖ ሄደ።

በዚህ ሁሉ መሐል የማይስቅ አንድ ሰው ነበር፤ ልጃቸው ይሥሐቅ። ይሥሐቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን መሪ ሆኖ ከተሾመ ዓመት አልሞላውም ነበር። የሥራ ባልደረባው አፈወርቅ «ትናንት አባትህን አየኋቸው» ሲለው ሰላምታ ማቅረቡ ነው፤ ይሥሐቅ ግን ከዚያ ቃል በኋላ ያለችውን ዝምታ ይሰማ ነበር። አየኋቸው፣ ታዲያ እንዴት ሆነው? ከረባት አስረው ነው ወይስ ደበሎ ደርበው? አፈወርቅ አይጨምርም፤ ይሥሐቅም አይጠይቅም። ቀስ በቀስ ከሥራ ሲወጣ በዋናው መንገድ መሄዱን ትቶ በወፍጮ ቤቱ ኋላ መዞር ለመደ። አንድ ጊዜም ነገሩን ከሥሩ ልቁረጥ ብሎ አንድ ባጃጅ ሙሉ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ገዝቶ አስመጣ። አቶ ባምላኩ አመስግነው ተቀበሉት፤ ለብቻው ረበረቡት፤ አንዲትም አላነደዱበትም። ለምን ሲባሉ፣ ይህ ባለቤት ያለው እንጨት ነው፣ ይግባኝ ሊጠየቅበት ይችላል አሉ።

ይሥሐቅ በአባቱ ያፍር ነበር። በአባቱ በማፈሩ ደግሞ በራሱ ያፍር ነበር። የሚያሳዝነው ሁለተኛው ኀፍረት የመጀመሪያውን ሳያጠፋለት ከጎኑ መቀመጡ ነው።

እንዲህ ሳለ የእኅቱ የሐሴት ነገር መጣ። ሐሴት ራቤል ውስጥ ነርስ ናት፤ እዚያው መምህር ከሆነው ከቴዎፍሎስ ጋር ተዋደው ነበርና የልጁ ወገኖች ሦስት ሽማግሌ ከግሼ እንደሚልኩ ቀን ቆረጡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አቶ መርስዔ ኃዘን ይባላሉ። እኒህ ሰው የበሬ ጥርስ ቆጥሮ እንደሚገዛ ገበሬ ሰው ቤት ገብተው የሚመረምሩ፣ ያልጣማቸውን ቤት ሳይቀመጡ የሚመለሱ፣ ከተመለሱም የልጁ ዘመዶች ሁሉ አብረዋቸው የሚመለሱ ናቸው። ሐሴት ለወንድሟ ደውላ ብዙ አላወራችም። «ወንድምዬ፣ እኒህ ሰውዬ ከተመለሱ የእኔ ነገር አበቃ፤ አደራህን» ብቻ አለችው።

ይሥሐቅም አባቱን አስቀምጦ ቃል አስገባቸው። ያን እሑድ እንጨት የሚባል ነገር እንዳይነኩ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለብሰው እንዲጠብቁ ለመናቸው። አቶ ባምላኩ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። ሲምሉ ከልባቸው ነበር። ቅዳሜ ማታ ግን ነፋስ ተነሣና ሳይቆረጡ ከቀሩት የፈረንጅ ግራሮች ትልቁን ከነሥሩ ገነደሰው። ሰውዬው ይህን እሑድ ጧት ከቅዳሴ ሲወጡ ሰሙ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በአራት ሰዓት ነው፤ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ሸክም ብቻ ብለው ሄዱ፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ግን አንድ ሸክም ሲል የሸክሙን ልክ አይናገርም።

ይሥሐቅ ሽማግሌዎቹን ከመናኸሪያው ተቀበላቸው። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ አቶ መርስዔ ኃዘን ከጋቢያቸው በላይ ጥቁር ባና ጣል አድርገው፣ ጭራቸውን ይዘው ከመካከል ይሄዳሉ። መንገዱን ሁሉ ስለ አባቱ አወራላቸው። ስንት ዳኛ በእሳቸው እጅ እንዳለፈ፣ ስንት የጠፋ መዝገብ እንዳስገኙ፣ ሕግን እንደ ዳዊት በቃላቸው እንደሚወጡት ተረከላቸው። አቶ መርስዔ ኃዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙት ነበር። ደስ ብሎታል። አንደበቱ ተፈትቶለታል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዕዘን ሲታጠፉ አንድ የእሾህ ክምር በሁለት እግሩ እየተራመደ መጣባቸው።

ከክምሩ በታች ደበሎ አለ። ከደበሎው በታች ጭቃ የነካው ሱሪ አለ። በፊቱ ላይ ሁለት የጭረት ደም ወርዷል። አቶ መርስዔ ኃዘን ቆሙ፤ በእውነት የቆሙት ለንቀት አልነበረም፤ አንጀታቸው ተንሰፍስፎ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ይህን ሁሉ? ልጅ የለህም እንዴ?»

አቶ ባምላኩ ከሸክሙ ሥር ቀና አሉ። መጀመሪያ ጋቢዎቹን አዩ፤ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ፤ ማን እንደ መጣና ምን ሰዓት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።  ጥያቄው ለእሳቸው አልመሰላቸውም፤ ተራውን ለልጃቸው ለቀቁለት።

ይሥሐቅ አፉን ከፈተ። ገና አሁን ሕግን እንደ ዳዊት ይወጡታል ያላቸው አባት፣ ጭቃ በሱሪያቸው ላይ እየደረቀ ከፊቱ ቆመዋል። አቶ መርስዔ ኃዘን ወደ እሱ ዞር ብለው፣ ታውቀዋለህ እንዴ አሉት።

«እንጨት የሚለቅሙ ሰውዬ ናቸው» አለ።

«ናቸው» አለ እንጂ «ነው» ማለት አልቻለም። ምላሱ አባቱን ሲክድ አክብሮ ካደ። ከዚያ ወዲህ በስንት መዓልትና ሌሊት ያችን አንዲት ቃል አንሥቶ ጥሏታል፤ ከአባትነት ሁሉ አስወጥቷቸው ሲያበቃ የተወላቸው እሷን ብቻ ነበር።

«ልጆችስ አሉኝ ጌታዬ» አሉ አቶ ባምላኩ ለአቶ መርስዔ ኃዘን። «ሥራ ላይ ናቸው።»

ይህን ብለው ወደ አጥሩ ሸሹ፤ እሾሁ የእንግዶቹን ጋቢ እንዳይነካ ሸክሙን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው አሳለፏቸው። ሽማግሌዎቹ እግዜር ያበርታህ ብለው አለፉ። ጥቂት እንደ ሄዱ አቶ መርስዔ ኃዘን፣ በል የአባትህን ነገር ቀጥልልን፣ የጠፋው መዝገብ ላይ ነበርን አሉት። ይሥሐቅም ቀጠለ። ከኋላው የሚሰማው የእግር ኮቴ ቀስ እያለ ወደ ጓሮው መንገድ ሲታጠፍ እየሰማ፣ መዝገቡ እንዴት እንደ ተገኘ እስከ መጨረሻው ተረከ።

ቤት ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ በደንባቸው መሠረት አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ኮከቤ ባለቤታቸው አሁን ይመጣሉ እያሉ እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ምድጃው ላይ የፈረንጅ ግራሩ ፍም ይንቀለቀላል፤ ከግሼ ብርድ የመጡት ሰዎች ሳያስቡት ወደ እሱ ተጠግተው ይህ ደግሞ ምን እሳት ነው ተባባሉ። ይሥሐቅ በጓሮ በር ወጣ።

አባቱ ሸክሙን አውርደው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ከመዳፋቸው አንድ እሾህ በጥርሳቸው ሊነቅሉ ይታገላሉ። ይሥሐቅ ከፊታቸው ቆመ። ሊል የሚገባውን ያውቀዋል፤ ከየት እንደሚጀምረው ግን አላወቀም። አቶ ባምላኩ እሾሁን ተፉና፣ «ከረባቴ ኪሴ ውስጥ ናት» አሉት። «እጄ ደም ነው፤ አንተ እሰርልኝ።»

አሰረላቸው። እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩት አስተሳሰር ነው። ሲያስርላቸው ትንፋሻቸው ከሸክሙ ገና አልተመለሰም ነበር፤ ከረባቱ በእጁ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ወደ ቤት ገቡ።

አቶ መርስዔ ኃዘን በመጀመሪያ ከረባቱን አዩ። ቀጥለው ፊታቸውን አዩ። ቀጥለው ከጉንጫቸው ላይ ያሉትን ሁለት ጭረቶች አዩ። የያዙት ጭራ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አንተ ያሉት ሰው፣ ልጅ የለህም ወይ ያሉት ሰው የቤቱ ጌታ ነው። ዝቅ ብለው ጉልበት ሊስሙ ጀምረው መካከል ላይ ተገቱ፤ ከራሳቸው ጥፋት የሚበልጥ ጥፋት ትዝ ብሏቸው ነበር። ዓይናቸው ከአባት ላይ ተነሥቶ ልጅ ላይ ዐረፈ። ባናቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እኛ የመጣነው የቤቱን ሰው ልጅ ልንጠይቅ ነው» አሉ። «የቤቱ ልጅ አባቱን አላወቀም። እንግዲህ ማንን እንጠይቅ?»

ወይዘሮ ኮከቤ ነገሩ አልገባቸውም። ለይሥሐቅ ግን ገብቶታል፤ የእኅቱን ቤት በአራት ቃል አፍርሶታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ በሩ ዞረዋል። ያን ጊዜ አቶ ባምላኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ የያዙ ሰው፣ በችሎት ፊት ውሸት ሲነገር ሰምተው እንጂ ራሳቸው ሲናገሩ ተሰምተው የማያውቁ ሰው፣ በሚያምር የዳኛ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«የልጅቱ አባት ሽማግሌን በመንገድ አያገኝም። በእኛ ዘንድ ደንብ ነው። በመንገድ ቢገናኙ ጉዳዩ መንገድ ላይ ይቀራል ብለው አባቶቻችን ይሠጉ ነበር። እኔ በድንገት ከእናንተ ጋር ተጋጠምሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ ግን ደንቡን ጠብቆ አላወቀኝም። አውቆኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ነኝ እስከ ሞቴ የምቀየመው።»

 እንዲህ ያለ ደንብ በመንዝም፣ በግሼም፣ በመርሐቤቴም አልነበረም። አቶ መርስዔ ኃዘን ጥቂት አሰቡ። አላውቀውም ቢሉ ደንብ የማያውቅ ሽማግሌ ሊባሉ ነው። ከሦስቱ መካከል አጭሩ ሽማግሌ ቀደሟቸውና፣ በእኛም አለ፣ እንዲያውም በእኛ ጠበቅ ይላል አሉ። ሁለተኛውም አያታቸው ስለዚሁ ደንብ ሲሉ አንድ ሙሉ ቀን ጤፍ ውስጥ ተኝተው መዋላቸውን አስታወሱ። አቶ መርስዔ ኃዘንም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እኔስ ብሆን» አሉ፣ «ሳላውቅዎት አንተ ያልኩዎ መሰለዎት? ደንቡን ልጠብቅልዎ ብዬ እኮ ነው።»

ተቀመጡ። ሐሴት ተጠየቀች፤ ሐሴት ተፈቀደች። በአንድ ውሸት ሥር ሁለት ኀፍረት ተሸፈነ፤ ሽፋኑም ለሁለቱም በቃ።

ከዚያ በኋላ ይሥሐቅ ብዙ ጊዜ አባቱ ወደሚፈልጡበት ጉቶ ሄዶ ሊናገር ሞክሯል። «ያን ዕለት...» ማለት ሲጀምር አቶ ባምላኩ ምሳሩን ሳያቆሙ፣ «መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል» ይሉታል። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜ ይህንኑ ሰማ። ይቅርታ የተከለከለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ያየ ይፍረድ፤ ቁጣ ቢያገኝ በቁጣው ይገላገል ነበር፤ ያገኘው ግን ሽብልቁን አቀብለኝ የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው።

መከራው በዚህ አላበቃም፤ ደንቡ ማደግ ጀመረ። የግሼ ሰዎች ወስደው ራቤል ላይ ተከሉት። መሐል ሜዳ ውስጥ ልጁ የደረሰችለት ሰው ሁሉ እሑድ ጧት ከቤቱ መውጣት ፈራ። አንድ ነጋዴ ሽማግሌዎች የተሳፈሩበት ሚኒባስ ውስጥ ራሱን አግኝቶ በሜዳ መካከል አውርዱኝ ብሎ ወርዷል፤ እስከ ጣርማ በር በእግሩ ተጓዘ ይባላል። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ እንኳ ነገሩን በአንድ አሮጌ ብራና ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ እንዳዩት ለደቀ መዛሙርታቸው ነገሩ፤ የትኛው ብራና እንደ ሆነ ግን ለጊዜው ዘንግተውታል። ይሥሐቅ ይህን ሁሉ በሰማ ቁጥር አገር በሙሉ ተሰብስቦ የእሱን ክህደት በዓል እያደረገ የሚያከብርለት ይመስለው ነበር።

ባለፈው ጥር አፈወርቅ ለታናሽ ወንድሙ ሽማግሌ እንዲሆንለት ለመነውና ይሥሐቅ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ወደ ዓለም ከተማ ወረደ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ወሰኔ የሚባሉ፣ ሰባ ዘመን ያለፋቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከአውቶቡስ ወርደው ወደ ልጅቱ ቤት በእግራቸው ሲሄዱ፣ ከፊት ለፊታቸው አንድ ጎልማሳ ብቅ አለ። አያቸው። ደነገጠ። ጋቢውን በራሱ ላይ ጎትቶ ወደ አንድ የድንጋይ ካብ ዞረና ፊቱን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ቆመ። አቶ ወሰኔ በዝግታ፣ የልጅቱ አባት ነው፣ አትዩት አሉ። አምስቱም አንገታቸውን አቀረቀሩ።

ይሥሐቅ ግን ያን ጀርባ አይቶ ማለፍ አቃተው። ቆመ።

«ደንብ አይደለም» አለ። «ይህን ያወጡት የእኔ አባት ናቸው። ሽማግሌ ፊት አፍሬባቸው፣ አላውቃቸውም ብዬ ካድኋቸው። ይህን ደንብ የፈጠሩት እኔን ሊሸፍኑ ነው። ሰውዬው ፊቱን ያዙርና ሰላም እንበለው።»

ለሁለት ዓመት ያልወጣው ነገር ወጣ።  ስድቡን፣ ግዝቱን፣ ፊት መዞሩን ጠበቀ። አቶ ወሰኔ ግን ትከሻውን ቸብ አደረጉትና እንደ አባት ገሠጹት።

«ልጄ፣ አባትህን መውደድህ ደግ ነው» አሉ። «ግን ለአባትህ ክብር ብለህ የአገር ደንብ አትስጣቸው። ይህ እሳቸው ሳይወለዱ የነበረ ነው። አያቴ ጤፍ ውስጥ ተኝተው ውለውለታል።»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው፣ የዛሬ ልጆች በአባታቸው ሲመኩ ልክ የላቸውም አለ፤ አፈወርቅም ሣቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ።

«የእኔ አባት ናቸው እኮ» አለ ይሥሐቅ። በዋናው መንገድ መካከል ቆሞ፣ ለሚያልፈውም ለሚያገድመውም በሚሰማ ድምፅ ደጋግሞ አለ፤ የእኔ አባት ናቸው፣ የእኔ አባት ናቸው። ከካቡ ጋር ተጣብቆ የቆመው ሰው እንኳ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ፣ ኧረ ዝም በልና እለፍ፣ የልጄን ትዳር ልታፈርስብኝ ነው ወይ አለው። ሽማግሌዎቹም ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው፣ በአባቱ ያለ ልክ የሚኮራውን ይህን ሰው እየገሠጹ ወሰዱት።